የሚካኤል ዕለት የወደቀው ግድግዳ

ኢንስፔክተር ባንቻየሁ በፖሊስነት ዘመኗ «እኔ አይደለሁም» የሚል ቃል ጆሮዋ እስኪደነቁር ሰምታለች። በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ደባርቅ ላይ ውርጩ ገና ሳይለቅ፣ በጎንደር መንገድ ዳር እየተሠራ ያለው ሆቴል አንደኛ ፎቅ ላይ ስትወጣ የገጠማት ግን የተገላቢጦሽ ነበር። አንድ ሰው ሞቷል፤ በዙሪያው ከቆሙት አራት ሰዎች ሦስቱ «የገደልኩት እኔ ነኝ» ይላሉ።

«ገዳይ በዝቶብናል» አለ ሳጅን ገዱ እጁን በትንፋሹ እያሞቀ። «አንዱን ይምረጡና ይዘን እንሂድ።»

«ሬሳ ፊት አይቀለድም» አለችው፤ አባባሉ ግን ቀኑን ሙሉ ከጆሮዋ አልጠፋም።

ሟቹ ፀጋው ይባላል፤ ሥራውን የሚቆጣጠረው መሐንዲስ ነው። ሚስቱ ዳባት ስትሆን እሱ እዚህ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ስለሚኖር፣ ማታ አለመግባቱን ያወቀ ሰው አልነበረም። ከግድግዳው የወደቀ ፓኔል ደረቱን ተጭኖት በጀርባው ተንጋሏል። ቀኝ እጁ ብቻ ከፓኔሉ ወጥቶ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ጭንቅላቱ አልተነካም፤ አንድ ሰው ሸክሙን ቢያነሳለት ተነስቶ የሚሄድ ይመስል ነበር።

ሕንፃው ደባርቅ ከምታውቃቸው ሕንፃዎች ሁሉ የተለየ ነው። ድንጋይ አልተጠረበለትም፣ ብሎኬትም አልተደረደረለትም። የብረት ምሰሶና አግዳሚ ቆሞለት፣ በመካከሉ ከፋብሪካ ተሠርቶ የመጣ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ጠባብ የኮንክሪት ፓኔል እየተገተረ ግድግዳ ይሆናል። ፓኔሉ ውስጡ አረፋ የሞላው ስለሆነ ከተራው ኮንክሪት ይቀላል። የከተማው ሰው «የዳቦ ግድግዳ» እያለ ይሳለቅበት ነበር። ቀላል ተባለ እንጂ ለማንሳት ሁለት ጎረምሳ ይፈልጋል፤ ደረት ላይ ሲያርፍ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ይኸው ታየ።

ባንቻየሁ ከተዘረጋው እጅ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ወለሉን ነጭ የስሚንቶ ብናኝ ሸፍኖታል። በጣቶቹ ዙሪያ ብናኙ ተቧጥጧል። በጭረቶቹም ላይ፣ በእጁም ላይ፣ በፓኔሉም ላይ ትንንሽ የውሃ ጠብታ ምልክቶች አሉ፤ ዝናብ አቧራ ላይ የሚተወው ዓይነት። ፓኔሉን ስታስነሳ ከሥሩ ያለው ብናኝ ደረቅ ዱቄት ሆኖ ተገኘ። የሟቹን ጫማ ገልብጣ አየች፤ ሶሉ ነጭ ነው። የራሷን አየች፤ ከግቢው ጭቃ ግማሹን ይዛው ወጥታለች።

«ይህን ወለል ማንም አይጠርገው፣ ማንም አይርገጠው» አለች ብድግ ብላ።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የሆቴሉን ባለቤት ወይዘሮ እሌኒን ነው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ የብረት ምሰሶ ተደግፈው ያለቅሳሉ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አሉ። «ለጥምቀት እንግዳ አለብኝ፣ ቶሎ በሉ፣ ቶሎ በሉ እያልኩ ያጣደፍኳቸው እኔ ነኝ። ባለፈው ‹ግድግዳው ሳይፈተሽ አንቀጥልም› ቢለኝ ‹ድሮም የዳባት ሰው ፈሪ ነው› ብዬ ሰደብኩት። ከዚያ ወዲያ አላናገረኝም።»

«እኔም የዳባት ልጅ ነኝ» አለች ባንቻየሁ።

ወይዘሮ እሌኒ አንገታቸውን ደፉ።

«ትናንት የት ዋሉ?»

«ታቦት ወጥቶ ሌላ የት እውላለሁ? ሚካኤል ነበርኩ። የከተማው ሰው ሁሉ እዚያ ነበር፤ እዚህ መንገድ ላይ ውሻ እንኳን አልቀረ።»

ሁለተኛው በያጁ ታደለ ነው። ቀጭን ነው፤ ሲናገር ሰው ፊት አያይም።

«የፓኔሉን አናት የሚይዘውን ብረት ከአግዳሚው ጋር የምበይደው እኔ ነኝ» አለ። «በዚህ ወገን ያሉትን ግን ሳልበይዳቸው ቀረሁ። መብራት ጠፋ፤ ሲመጣ እመለስበታለሁ ብዬ ወደ ሌላ ሥራ ዞርኩ። ስመለስ መጋጠሚያው በስሚንቶ ተደፍኖ አገኘሁት። የቱ እንደተበየደ፣ የቱ እንዳልተበየደ መለየት አቃተኝ።»

«ለማን ተናገርክ?»

«ለሰጠኝ ብቻ። ‹ግድ የለህም፣ ቀላል ግድግዳ ነው፣ ስሚንቶው ይይዘዋል› አለኝ። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ባልል ኖሮ ፀጋው ዛሬ በሕይወት ነበር።»

ሰጠኝ ፓኔል የሚያቆሙት ሠራተኞች አለቃ ነው። ሥራውን አዲስ አበባ ተምሮ የመጣ፣ ደልደል ያለ፣ ሰው የሚያከብረው ሰው ነው። ራሱን «ገዳይ» ያላለው እሱ ብቻ ነበር። ይልቅስ የሚያለቅሱትን እየዞረ ሲያጽናና ነው ያገኘችው።

«አሠራሩን አስረዳኝ» አለችው።

«ቀላል ነው። ፓኔሉን አቁመን ከሥሩ የእንጨት ሽብልቅ እንሰካለን። ሽብልቁ ወደ ላይ ወጥሮ ከአግዳሚው ጋር ያጣብቀዋል። አናቱ ይበየዳል፣ መጋጠሚያው በስሚንቶ ይሞላል። ስሚንቶው ጠንክሮ ሲደርቅ ሽብልቁን እናወጣዋለን።»

«የዚህኛውስ ደርቆ ነበር?»

«ገና ነበር። ውሃ ሲጨመርበት ደግሞ…» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አያ ወልደ ገብርኤል፣ ዘበኛችን፣ ትናንት ማምሻውን ግድግዳውን በጎማ ሲያጠጡት ነበር። አጠጥተው፣ በዓል ነውና ወደ ቤታቸው ሲሄዱ እኔ ከማዶ ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ትንሽ ቆይቶ ፀጋው መጣና በሩን ከፍቶ ገባ። የረጠበ ፓኔል ይከብዳል፤ ስሚንቶውም ይላላል። ይኸው ነው የሆነው። ሽማግሌው ሳያውቁ ያደረጉት ነው፤ ማንም አይፈርድባቸውም።»

«ፀጋው ሲገባ ሌላ ያየው ሰው አለ?»

«እኔ እንጃ። በዓል ነው፣ ሰው ሁሉ በየቤቱ ነበር።»

አያ ወልደ ገብርኤል ከጃናሞራ የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ዓይናቸው ደከም ብሏል፤ ወገባቸው ግን ገና ቀጥ ያለ ነው። ባንቻየሁ ስትቀርባቸው ሁለት እጃቸውን አጣምረው ለመታሰር ዘረጉላት።

«ያዢኝ ልጄ» አሉ። «እኔ ነኝ። መሠረቱና ወለሉ ሲሞላ ‹አርማታ ውሃ ካልጠጣ ይሰነጠቃል፣ ጠዋት ማታ አጠጡ› አሉኝና አጠጣሁ። ግድግዳው ሲቆምም እንደዚያው አጠጣለሁ። ፀጋው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ‹ይህንን ተዉት አባባ፣ አይድከሙ› ብሎኝ ነበር። እኔ አዝኖልኝ መሰለኝ። ለሽማግሌ ማዘኑ ነው፣ እኔ ግን የሰው እንጀራ በልቼ ሥራ አላጎድልም ብዬ፣ እሱ በሌለበት ማጠጣቴን ቀጠልኩ። ትናንትም በሚካኤል ምድር፣ ማጠጣት እንደ ሥራ አይቆጠርም ብዬ አጠጣሁት።»

«ከየት ሆነው?»

«ከግቢው፣ ከታች። ጎማውን ሽቅብ ይዤ።»

«ግድግዳው ላይ ክፍት ቦታ አላዩም?»

«ለመስኮት የተተወ ክፍት ብዙ ነው። ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም። ውሃውን እሰደዋለሁ እንጂ የት እንደሚያርፍ አልመለከትም።»

«ፀጋው ሲገባስ አይተውታል?»

«አላየሁትም። ሰጠኝ ግን አይቶታል፤ እሱ አይዋሽም።»

ሳጅን ገዱ የእምነት ቃላቸውን ጻፈ። ባንቻየሁ ልቧ አላረፈም፤ ግን ያመነ ሰው፣ ምስክርም፣ ሬሳም ባለበት «ልቤ አላረፈም» ተብሎ ወረቀት ላይ አይጻፍም። የእስሩን ወረቀት ፈረመች። ከመውጣቷ በፊት ፓኔሉ ተገትሮ የነበረበትን ቦታ ደግማ ስትፈትሽ፣ ከጎረቤቱ ፓኔል እግር ሥር የወደቀ የእንጨት ሽብልቅ አገኘች። ቀጭኑ ጫፉ ተጨፍልቋል። አገላብጣ አየችውና በማስረጃ ከረጢት አስገባችው።

በማግስቱ ከሰዓት ወደ ማረፊያ ክፍሉ ስትገባ ሽማግሌው እህል አልቀመሱም። አጠገባቸው የተቀመጠው ምግብ እንደተከደነ ነው።

«አባቴ፣ ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቀርባሉ። ባዶ ሆድዎን እንዴት ይቆማሉ?»

«ጉሮሮዬ አልቀበል አለ። እዚህ ስቀመጥ ያ ልጅ ‹አይድከሙ› ሲለኝ ይታየኛል። ሰው ገድዬ ልሞት ነው ልጄ። ሰባ ዓመት ኖሬ፣ መጨረሻዬ ይኸው ሆነ።»

የእስሩ ወረቀት ላይ ያለው የባንቻየሁ ፊርማ ነው፤ እንደ እሾህ ሲወጋት ዋለ።

«የዕለቱን ውሎዎን እንደገና ይንገሩኝ» አለች።

«አስቀድሼ፣ ታቦቱን ሸኝቼ፣ የሚካኤል ማኅበራችን ገባሁ። ቀትር ላይ ጽዋ ጠጣን፣ ተጫወትን። ‹ማታ ግድግዳዬን አጠጣለሁ› እያልኩ ሳስቃቸው ነበር። ምነው ያን ጽዋ እኔም እንደ ሰጠኝ በተውኩት!»

«ሰጠኝ ተወው?»

«ዘግይቶ መጣ። ሆዴን አሞኛል ብሎ ጽዋው ሲደርሰው ሳይቀምስ ወደ እኔ አሳለፈው። ሌላ ጊዜ እኮ እሱ የማኅበሩ ድምቀት ነው።»

ባንቻየሁ ቀና አለች። የጽዋ ማኅበር በእናቷ ቤት እያየች ነው ያደገችው። የታመመ ሰው እንኳን ከንፈሩን ያስነካል። ከነጭራሹ የሚያሳልፍ ሰው የተጣላው ሰው ያለበት፣ ወይም እጁ ላይ የሚከብድ ነገር ያለበት ነው።

«ገዱ!» ስትል ከውጭ የነበረው ሳጅን ሮጦ ገባ። «ሌሎቹን ሦስቱን ሕንፃው ላይ ሰብስብልኝ። አባባንም ይዘናቸው እንሄዳለን። ሳይመሽ!»

ፀሐይዋ ወደ ሊማሊሞ ስታዘቀዝቅ አንደኛው ፎቅ ላይ ተሰበሰቡ። ወይዘሮ እሌኒ እንደ ፊተኛው ቀን ምሰሶውን ተደግፈዋል። ታደለ ከደረጃው አጠገብ ቆሟል። ሰጠኝ ሽማግሌውን ክንዳቸውን ይዞ የስሚንቶ ከረጢት ላይ አስቀመጣቸው። ነፋሱ ፓኔሉ በወደቀበት ክፍት በኩል እየገባ ነጠላውን ያርገበግባል።

«ሦስታችሁ ጥፋት አለብን ብላችኋል» አለች ባንቻየሁ። «ልክ ናችሁ። ወይዘሮ እሌኒ አጣድፈዋል። ታደለ ሳይበይድ ዝም ብሏል። አያ ወልደ ገብርኤል የማይጠጣ ግድግዳ አጠጥተዋል። ግን አጥፍቶ መጸጸት ሌላ፣ ሰው መግደል ሌላ ነው። ይህን ሰው የገደለው ማን እንደሆነ ወለሉ ይነግረናል።»

ወለሉ ላይ ፓኔሉ የነበረበት ቦታ እንደ ምንጣፍ ተለይቶ ይታያል።

«ከፓኔሉ ሥር ያለው ብናኝ ደረቅ ነው። በዙሪያው ግን የውሃ ጠብታ አለ። ይህ ውሃ ከየት መጣ?»

«ከኔ ጎማ» አሉ ሽማግሌው።

«አዎ። በየት በኩል ገባ?»

ሁሉም ወደ ክፍቱ አዩ። ከእሱ ግራና ቀኝ ያለው ግድግዳ ድፍን ነው።

«በዚህ» አለ ታደለ ቀስ ብሎ።

«ፓኔሉ እዚህ ተገትሮ ቢሆን ኖሮ ውሃው ይገባ ነበር?»

«አይገባም…» ታደለ ዓይኑን አፈጠጠ። «እንግዲያው ሲያጠጡ ፓኔሉ ቀድሞ ወድቋል።»

«ቀድሞ ወድቋል። እሱም ቀድሞ ከሥሩ ነበር፤ ጠብታው እጁም ላይ አርፏል። ጫማውን አየሁ፤ አንዲት የጭቃ ፍንጣሪ የለበትም። ግቢው ውሃ ከጠጣ በኋላ የገባ ሰው ሁሉ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ነው በጭቃ የተለወሰው። ፀጋው የገባው ግቢው ደረቅ ሳለ፣ ከተማው በሙሉ ሚካኤል በነበረበት ሰዓት ነው። አባቴ፣ ግድግዳውን የጣለው የእርስዎ ውሃ አይደለም።»

ሽማግሌው የሰሙትን ያልተረዱ መስለው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ወይዘሮ እሌኒ «ሰጠኝ ፀጋውን ማታ ሲገባ አይቼዋለሁ ብሎ የለም እንዴ?» አሉ፤ ካሉ በኋላ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ብሏል» አለች ባንቻየሁ። ሽብልቁን ከከረጢቱ አወጣች። «ይህ የወደቀው ፓኔል ሽብልቅ ነው። ሽብልቅ ሲሰካ የሚመታው ወፍራሙ ጫፉ ነው። ይህ የተመታው በቀጭኑ በኩል ነው፤ ማለትም ተመትቶ ወጥቷል። ታደለ፣ አናቱ ካልተበየደና ስሚንቶው ካልደረቀ፣ ይህን ፓኔል ምን ይዞት ነበር?»

«ሽብልቁ ብቻ።»

«ፀጋው ጋ መዶሻ አላገኘንም። ሽብልቁን የመታው ሌላ ሰው ነው፤ መዶሻውንም ይዞት ሄዷል። እንግዲህ ሰጠኝ፣ አንድ ነገር ጠይቄህ ልጨርስ። እንደ አባባልህ ፀጋው የሞተው ማምሻውን ነው። ታዲያ ቀትር ላይ፣ ማንም ሳይሞት፣ የሚካኤልን ጽዋ ለምን አሳለፍከው?»

የሽማግሌውን ትከሻ ይዞ የነበረው የሰጠኝ እጅ ቀስ ብሎ ወረደ። ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

«እሱ ነው ና ያለኝ። ‹በዓል ነው፣ ሰው ሳያየን እንፈትሸው› አለኝ። ‹ይህ ግድግዳ አልተያዘም ሰጠኝ፣ ነገ አስፈርሰዋለሁ› አለ። እኔ ያቆምኩትን! በሠራተኞቼ ፊት! ‹ተራራ ነው፣ ያለ ሽብልቅም ይቆማል፣ እንካ እይ› አልኩና በመዶሻ መታሁት። እሱ ለማስቆም ሮጦ ከፊቱ ገባ። እግዜር ያየኛል፣ ልገድለው አልነበረም።»

«ከዚያስ?»

«ጠራሁት። ዓይኑ ተከድኗል፣ አልመለሰልኝም። ሞተ አልኩ። በሚካኤል ቀን መዶሻ ይዤ ሰው ገደልኩ ብዬ ማንን ልጥራ? ሄድኩ። ማኅበር ገባሁ። አያ ‹ግድግዳዬን አጠጣለሁ› ሲሉ፣ አያስፈልገውም ማለት ሲገባኝ ዝም አልኩ። በኋላ… ሽማግሌ ናቸው፣ አይፈረድባቸውም አልኩ። እሱ እንደሆን ወዲያው ሞቷል፤ ሰው ብጠራስ ምን እፈይድለት ነበር?»

ባንቻየሁ ይህን ሳትነግረው ልትተወው ትችል ነበር። ወረቀቱ ላይ መጻፉ ስለማይቀር ግን ከፍርድ ቤት ከሚሰማው ከእሷ ቢሰማው ይሻላል አለች።

«ወዲያው አልሞተም ሰጠኝ።» እጁ የነበረበትን ቦታ አሳየችው። «የጣቶቹ ጭረት ነው። ፓኔሉ ከወደቀበት በኋላ ወለሉን ቧጥጧል። ሬሳውን የመረመረው ሐኪምም ደረቱ ታፍኖ ቀስ በቀስ ነው የደከመው ብሏል። ሁለት ሰው ቢያነሳለት ይድን ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ እዚህ ቅርብ ነው፤ የከተማው ሰው ሁሉ እዚያ ነበር።»

ሰጠኝ ጭረቱን አየው። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ፤ ሊነካው እጁን ዘርግቶ ሳይነካው መለሰው። ታደለ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ።

በዚህ መካከል ሽማግሌው ተነሱ።

«ልጄ» አሉ ባንቻየሁን። «እኔ ሳጠጣ… እሱ እዚህ ይጣራ ነበር? የውሃው ድምፅ ውጦብኝ ይሆን?»

«የለም አባቴ። ጠብታዎቹን ይዩዋቸው፤ ጭረቱ ላይ እንዳረፉ ናቸው፣ አንዱም አልተደመሰሰም። ውሃው ሲደርስ ጣቱ አልተንቀሳቀሰም። ያኔ አርፎ ነበር። ልሸነግልዎት ብዬ አይደለም።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩ። ዓይናቸው ያንን ያህል ይለይ አይለይ ባንቻየሁ አላወቀችም። ከዚያ አማተቡና በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ።

«ይሂዱ፣ ነፃ ነዎት» አለቻቸው። «ያሰርኩዎት እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

«እግዜር ይቅር ይበልሽ» አሉ፤ ግን አልሄዱም። ሳጅን ገዱ ካቴናውን አውጥቶ ወደ ሰጠኝ ሲቀርብ ቀድመውት ደረሱ። ወይዘሮ እሌኒ ሊመቱት መስሏቸው «ተዉ አያ!» ብለው ጮኹ። ሽማግሌው ግን በብብቱ ሥር ገብተው አነሱት።

«ዓይንዎን ማየት አልችልም አያ» አለ ሰጠኝ።

«አትየኝ። ደረጃውን እይ፣ መደገፊያ የለውም» አሉት። «ሁለት ቀን ያንተን ይዤልህ ቆየሁ ልጄ። እህል እንደማያስበላ፣ እንቅልፍ እንደማያስተኛ አውቀዋለሁ። ብቻህን አትችለውም። ና፣ እስከ መኪናው አብሬህ ልውረድ።»

ሳጅን ገዱ ባንቻየሁን አየ። እሷ ራሷን ነቀነቀች፤ ገዱም ካቴናውን ወደ ኪሱ መለሰና ከኋላ ከኋላቸው ወረደ።